ከመስኮቱ ሥር ያስቀመጥኩት ሳጥን

የሕፃናት ማቆያዬን የዘጋሁት ማንም አስገድዶኝ አይደለም፤ ጉልበቴ ነው እንቢ ያለኝ። ይኼ ሥራ ቀኑን ሙሉ መሬት መውረድና መነሣት ነው። እኔ ደግሞ አሁን አንዴ ከወረድኩ የሚያነሣኝ ሰው መጥራት አለብኝ። ስለዚህ ወላጆቹን ሰብስቤ "በቃኝ፣ ልጆቻችሁን ለሌላ ስጡ" አልኳቸው። አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን፣ እዚህ ሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ቤቷን ማቆያ ልታደርግ ያሰበች ሁሉ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታሳየኛለች፤ ግድግዳው ሮዝ፣ መደርደሪያው ነጭ፣ መጫወቻው በየቀለሙ ተሰድሮ። "እትዬ ታደለች፣ ቤቴን እንዲህ ላዘጋጀው ነው፤ እንዴት ነው?" ትለኛለች። "ቆንጆ ነው፤ ልጅ ገብቶበታል?" እላታለሁ። ትስቃለች፤ እኔ ግን አልስቅም። የማልስቅበትን ምክንያት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ግን እናገራለሁ፤ ቤት ማዘጋጀት ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ በዚያ ነውና።

ከሆሳዕና ተድሬ ሐዋሳ ስመጣ ሥራ አልነበረኝም። የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ ልጆች በከፈታት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አለቃዬ እትዬ ዘነበች ይባላሉ፤ የሲዳማ ሴት፣ አጭር፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። መጀመሪያ ቀን ስገባ በእጅና በጉልበታቸው ወለሉ ላይ ሲድሁ አገኘኋቸው። የጠፋባቸው ነገር ያለ መስሎኝ "ልርዳዎት?" ስላቸው "ውረጂ" አሉኝ። ወረድኩ።

"ምን ይታይሻል?"

"ምንም።"

"እንደገና እዪ።"

እንደገና አየሁ። ከመደርደሪያው ሥር ብቅ ያለ ምስማር፣ ክፍቱን የቀረ ሶኬት፣ ከወንበሩ ሥር የተለጠፈ ማስቲካ። "ልጆቹ የሚኖሩት እዚህ ነው" አሉኝ፣ "ላይኛው የእኛ ነው።" በየቀኑ፣ የግቢው በር ከመከፈቱ በፊት፣ ዝናብ ቢሆን ብርድ፣ ወገባቸውን ቢያማቸውም እንዲህ ቤቱን ይዞሩታል። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሬያቸው ዳህኩ።

እትዬ ዘነበች ብዙ አያወሩም፤ የሚያስተምሩት በልማዳቸው ነው። አዲስ መጫወቻ ሲመጣ ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ ከኪሳቸው ያወጣሉ። በቱቦው ውስጥ ያለፈ ነገር ሁሉ ልጅ ያንቃልና ትንንሾቹ አጠገብ አይደርስም። አንዴ የሥራ አስኪያጁ ሚስት ከውጭ አገር የሚያምሩ የእንጨት ዶቃዎች ይዘው መጡ። እትዬ ዘነበች ዶቃዎቹን እፊታቸው አንድ በአንድ በቱቦው አሳልፈው፣ "እግዜር ይስጥልኝ፤ ለአንገትዎ ይሆናል" ብለው መለሱላቸው። ሴትዮዋ ፊታቸው ቀላ። እኔ ሳቄን ልጨርስ ጓሮ ወጣሁ።

ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይቀመጣል። መጫወቻው ሁሉ በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ ሲሶው ይወጣል፣ ቀሪው ከዐይን ይሰወራል፣ በሳምንቱ ይለወጣል። ልጁ አዲስ የተገዛለት ይመስለዋል። መደርደሪያው ላይ የእያንዳንዱ መጫወቻ ቅርጽ በቀለም ስለተሳለ አፉን ያልፈታ ልጅ እንኳ መኪናውን የት እንደሚመልስ ያውቃል። ዓርብ ዓርብ ሁሉም በበረኪና ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ክዳን ያለው ነገር ግን በፍጹም አይገባም፤ ቅርጫትና ሳፋ ብቻ። "ክዳን ለእህል ነው" ይላሉ። ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም። የአሮጊት ግትርነት መስሎኝ አለፍኩት፤ ምነው በጠየቅኩ!

አንድ ነገር ላይ ግን ሁለታችንም አንድ ነበርን፤ ልጅ አይቆጠርም። በእሳቸውም አገር በእኔም አገር ነውር ነው። እናትን "ስንት ልጅ አለሽ?" ብትያት "ፈጣሪ የሰጠኝን ያህል" ትልሻለች እንጂ ቁጥር አትጠራም። እናቶች ፊት ጣት ቀስሮ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ያለች ሞግዚት በማግስቱ ሥራ የላትም። ስለዚህ እትዬ ዘነበች የሚቆጥሩት ጫማ ነበር። ልጅ ሲገባ ጫማውን ያወልቅና በር ላይ ስሙ በተጻፈበት ክፍተት ውስጥ ይቀመጣል። ጫማው ካለ ልጁ አለ፤ ጫማው ከሌለ ልጁ ወጥቷል። እኔም የራሴን ቤት ስከፍት ይህንኑ ዘዴ ይዤ ነው የከፈትኩት።

የመጨረሻው ልማዳቸው ከባዱ ነው። ወላጅ ልጁን ሊወስድ በር ላይ ሲደርስ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ክፉውን ይነግሩታል። "ዛሬ ወድቋል፤ ግንባሩ አብጧል፤ ሲወድቅ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር።" ይህችን "ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር" የምትለውን መቼም አይተዋትም። አንድ አባት ለዚሁ ብሎ ሰው ፊት አዋረዳቸው። ሰውየው ሲሄድ ተናድጄ "ለምን ይነግሩታል? አይታወቅም ነበር እኮ!" አልኳቸው።

"ልጁ ያውቃል" አሉኝ።

ያቺ ክፍል ስትዘጋ አንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ቆንጆ ቆንጆውን መጫወቻ መስታወት ውስጥ ቆልፎ ለወላጅ የሚያስጎበኝ ሰው ነበር። ልጆቹ መስታወቱን ይልሱት ነበር። ሁለት ዓመት ስጨቃጨቀው ኖሬ ወጣሁና በራሴ ቤት ማቆያ ከፈትኩ። ፈቃድ ለማውጣት የቆምኩትን ሰልፍና የሞላሁትን ፎርም ተዉት፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ቤቴ ሁለት ክፍልና ሳሎን ናት። ሶፋዬን ለወንድሜ ሰጠሁ። ሳሎኑን በፕላስቲክ ምንጣፍ ሸፈንኩ። አንዱን ጥግ ገና ለሚድሁት በዝቅተኛ መደርደሪያ ከለልኩላቸው፤ ትልልቆቹ እንዳይረግጧቸው። የጫጫታ ጨዋታውን በበሩ በኩል፣ መጽሐፍና ትራሱን በውስጥ በኩል አደረግኩ፤ የሚሮጥና የሚያርፍ ልጅ አንድ ላይ ከዋሉ ሁለቱም ያለቅሳሉ። መድኃኒቱን፣ በረኪናውን፣ ክብሪቱን ከፍ ያለ ቦታ ቆለፍኩ። መደርደሪያው ላይ ቅርጾቹን የሳልኩት እኔው ነኝ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ "እኔስ? የእኔ ቅርጽ የት ጋ ነው የተሳለው?" ይለኝ ነበር። የአክስቴ ልጅ ዓለሚቱ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ስለነበረች አብራኝ ትሠራ ጀመር። ሁለት ሆነን ዓመታት ሠራን፤ አንድም ልጅ ከጭረት የባሰ ነገር አላገኘውም። ስማችን ወጣ። የነጋዴው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር ልጅ ሁሉ እኛ ጋ መዋል ጀመረ።

ሰው ስሙ ሲወጣ ዐይኑ ይታወራል። አንዲት አዲስ እናት ልጇን ልታስመዘግብ መጥታ ቅርጫቶቼን ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና "ትንሽ ተዝረክርኳል አይደል?" ብላኝ ሄደች፤ አልተመለሰችም። ያቺ ቃል እንደ እሾህ ገባችብኝ። በዚያው ሰሞን ስልክ ላይ አንድ ሳጥን አየሁ፤ ረጅም፣ ቀለም የተቀባ፣ ክዳኑ ላይ ትራስ ያለው፣ ከመስኮት ሥር የተቀመጠ። ሲዘጋ መቀመጫ ነው፤ መጫወቻው ሁሉ ውስጡ ይገባና ቤቱ በሁለት ደቂቃ ጥርት ይላል። አናጢ ጠርቼ በልኬ አሠራሁት። አናጢው "ክዳኑ ከባድ ነው፤ የሚደግፈው ነገር ላድርግለት?" ብሎኝ ነበር። "ተወው፣ ቶሎ ጨርስልኝ" አልኩት።

ዓለሚቱ ሳጥኑን ዞር ዞር ብላ አይታ "እትዬ ዘነበች ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን?" አለች።

"እሳቸው አሁን ከከተማ ወጥተው ቡሹሎ፣ ልጃቸው ቤት ጡረታ ላይ ናቸው" አልኳት። እንዲህ ብዬ ነው የዘጋኋት። አፌን በቆረጠው!

ኢልያስ ያኔ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖት ነበር። እናቱ ዘይነብ የደሴ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ታስተምራለች። ባሏ ሥራው ሩቅ አገር ስለሆነ በወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ ሐዋሳ ውስጥ ዘመድ የላትም። ልጇን ስትሰጠኝ መጀመሪያ ቀን "እትዬ ታደለች፣ ከአላህ በታች እርስዎ ነዎት" አለችኝ። ብዙ እናት እንዲህ ይላል፤ የእሷ ግን እውነቷን ነበር።

ዓርብ ነው፤ ክረምቱ ገና መግባቱ። ጠዋት ፀሐዩ ጠንከር ስላለ መጫወቻውን በሙሉ አጥበን ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ አሰጣነው። ሳጥኑ ባዶውን ቀረ። ዘጠኝ ሰዓት ግድም አንድ አባት ሴት ልጁን ቀደም ብሎ ሊወስድ መጣ። ጫማዋን ሳደርግላት ኢልያስ አጠገቤ ቆሞ ያያል። "ማሚስ?" አለኝ። "ትመጣለች የኔ ጌታ፣ ገና ነው" አልኩት። አባትየው ልጅቷን ታቅፎ ወጣ። ወዲያው ከሐይቁ በኩል ዝናቡ ደረሰ።

የዚያን ቀን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብሽ ያለ ሰው ቢያናግርሽ አይሰማም። እኔና ዓለሚቱ "መጫወቻው! መጫወቻው!" እያልን ሁለታችንም ወጣን። ሁለታችንም! ሸራውን ጎትተን፣ ሳፋውን ሞልተን በረንዳ ላይ እስክናወጣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። ሦስትም፣ አምስትም፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ በር ላይ ቆመው እያዩን ይስቃሉ። ስገባ እንደ ልማዴ ዐይኔን ጫማዎቹ ላይ ጣልኩ። የኢልያስ ክፍተት ባዶ ነው።

"ጫማው የለም" አልኩ።

"የማን?" አለች ዓለሚቱ።

"የኢልያስ!"

ዓለሚቱ ዘወር ብላ የግቢውን በር አየች። ያ አባት ሲወጣ መቀርቀሪያውን አልመለሰውም፤ በሩ ገርበብ ብሏል። "ኢየሱስ!" አለች።

ጫማው ከሌለ ልጁ ወጥቷል። ሃያ ዓመት የሠራሁበት ሕግ ነው፤ ለመጠራጠር እንኳ አላሰብኩም። አልጋ ሥር አየሁ፣ ሽንት ቤት አየሁ፣ በመስኮት ወደ መንገድ ስሙን ጠራሁ፣ ከዚያ ሮጥኩ። ዓለሚቱን ከሌሎቹ ልጆች ጋር ትቼ በባዶ እግሬ ነው የወጣሁት።

ከግቢያችን ፊት ለፊት የጎርፍ ቦይ አለ። በበጋ ቆሻሻ ነው ያለበት፤ ያን ቀን ግን ውኃው አፉ ድረስ ሞልቶ ቡናማ ሆኖ ይጋልባል። "ልጅ! ልጅ ጠፋ!" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ወጣ። ባጃጅ ነጂዎች ባጃጃቸውን ጥለው መጡ። አንዱ "ምን ለብሷል?" ይለኛል፣ ቢጫ ሹራብ ነው እለዋለሁ። ሌላው "በየት በኩል?" ይለኛል፤ እኔ ምን አውቄ! አንድ ጎልማሳ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ቦዩ ውስጥ ወረደ፤ ውኃው እስከ ጭኑ ደረሰ። በእጁ ከድልድዩ ሥር እየዳበሰ ሳለ "ጫማ! ጫማ አገኘሁ!" ብሎ ጮኸ። እጁን ሲያነሣ እኔ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። የአዋቂ ነጠላ ጫማ ነበር፤ የኢልያስ ሰማያዊ ነው። ጌታዬን ለመንኩት። ያን ሰዓት የተሳልኩትን ስለት ለፓስተሬ እንኳ አልነገርኩትም።

ሰዎቹ ቦዩን ተከትለው ወደ ታች ወረዱ። እኔ ዘይነብ ላይ መደወል ነበረብኝ፤ ስልኬ ቤት ውስጥ ነው። ተመለስኩ። ዓለሚቱ ልጆቹን አንድ ጥግ ሰብስባ እየዘመረችላቸው እንባዋ ይወርዳል። ስልኩን አነሣሁ፣ ስሟን አወጣሁ፣ ጣቴ ላዩ ላይ ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር እያሰብኩ ሳለ ዝናቡ ቀጥ አለ።

ያኔ ሰማሁት። ኳ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ኳ። በጣም ደካማ ነው። ዓለሚቱም ሰምታ መዝሙሩን አቋረጠች።

ክዳኑን እንዴት እንዳነሣሁት አላስታውስም። ኢልያስ ውስጡ ተጣጥፎ አንድ ጫማውን በእጁ ይዟል፤ በእሱ ነበር የሚመታው። ሹራቡ በላብ ርሷል፣ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ዐይኑ ተከፍቷል ግን አላለቀሰም፤ ዝም ብሎ አየኝ። አውጥቼ በረንዳ ላይ አየር እንዲያገኝ አደረግኩት፣ ውኃ ረጨሁት፣ ደረቱን አሻሸሁት፣ "አልቅስልኝ፣ እባክህ አልቅስልኝ" አልኩት። ብዙ ቆይቶ አለቀሰ። እናቱን ለመጠበቅ ጫማውን ይዞ መቀመጫው ላይ ሊወጣ ፈልጎ ይሁን፣ ሊደበቅ፣ እስከ ዛሬ አላወቅነውም። ክዳኑን ከፍቶ ገባ፤ ክዳኑ ተመልሶ ወደቀበት፤ ይኸው ነው።

ልጁ ተረፈ። አሁን የምናገረው ግን የእኔን ውድቀት ነው።

ጎረቤቶቹ ሲመለሱ "ተገኘ፤ አልጋ ሥር ተኝቶ ነበር" አልኳቸው። "ተመስገን!" ብለው ሳቁ፤ ቦይ ውስጥ የወረደው ሰውዬ ሱሪውን እየጨመቀ አብሯቸው ሳቀ። ጤና ጣቢያ ልወስደው ይገባኝ ነበር። አልወሰድኩትም፤ "ምን ሆኖ ነው?" ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሳጥኑን እኔና ዓለሚቱ ጎትተን ሰርቪስ ቤት አስገባነውና አንሶላ አለበስነው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ዘይነብ ስትመጣ ልጇ ደረቅ ልብስ ለብሶ ገንፎ ይበላ ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ። የእትዬ ዘነበች ቃል አፌ ላይ ነበር።

"ዛሬ ትንሽ አልቅሷል" አልኳት። "ዝናቡ አስፈርቶት ነው።"

"የኔ ማር፣ ዝናብ ፈራህ?" ብላ ሳመችው። ዓለሚቱ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢልያስ በር ሲዘጋ መጮህ ጀመረ። ቤታቸው የመኝታ ክፍሉ በር፣ የሽንት ቤቱ በር ሲዘጋ ይጮሃል። ዝናብ ሲመጣ የባጃጁ መጋረጃ ሲወርድ እስኪደክመው ድረስ ይታገላል። ዘይነብ በየጠዋቱ ዐይኗ አብጦ ትመጣለች። ሐኪም ቤት ወሰደችው፣ ምንም የለበትም አሏት። ሼህ ዘንድ ወስዳ ቁርአን አስቀራችበት። እኔ ቤት ግን አንድም በር አልዘጋም ነበርና ደህና ይውላል። ይህ ነው የገደለኝ።

አንድ ቀን ማቆያው በር ላይ ቆማ "ከእርስዎ ጋር ሰላም ነው፤ ከእኔ ጋር ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው" አለችኝ። "ልጄ ጠልቶኛል፣ እትዬ ታደለች። ጥዬው ስለምውል ነው። ወላሂ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። እሑድ ደሴ እናቴ ጋ ልወስደው ነው፤ እዚያው ይደግ።"

"አብሽሪ" አልኳት። እንዲህ ብቻ ነው ያልኳት! በማግስቱ ለዓለሚቱ ቤቱን ትቼ ቡሹሎ ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ዐይናቸው ደክሟል። እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ሳጥኑን፣ ዝናቡን፣ ውሸቱን ዘረዘርኩላቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲቆጡኝም ፈልጌ ነበር፤ ተቆጥተውኝ ይቅር ቢሉኝ ቀለል ይለኝ ነበር።

ሰምተው ሲጨርሱ "ለእኔ ለምንድን ነው የምትነግሪኝ?" አሉኝ። "እኔ እናቱ ነኝ?"

ውኃ እንኳ ሳልጠጣ ተመለስኩ። ዓርብ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ዘይነብ ስትመጣ ሰላምታዋን አላስጨረስኳትም። "ልጅሽ አልጠላሽም" አልኳት። "ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ተዘግቶበት ነበር። እኔ ቤት። ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። ደብቄሽ ነው እንጂ ዝናብ ፈርቶ አይደለም።"

ልጇን ከእጄ ተቀበለች። ትጮሃለች ብዬ ነበር።

"ስንት ደቂቃ?" አለች።

"አላውቅም።"

"አያውቁም?"

"ግማሽ ሰዓት ይሆናል። አላውቅም፣ ዘይነብ።"

ሄደች። ያን ሌሊት ፖሊስ ይመጣል ብዬ ልብሴን ለብሼ ተኛሁ። ባለቤቴን "እኔ ልታሰር እችላለሁ" ስለው "ምነው?" አለኝ፤ ለእሱም ያኔ ነው የነገርኩት።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ዘይነብ ብቻዋን ነበረች። ልጁን ጎረቤቷ ጋ ትታው ነው የመጣችው።

"ሳጥኑ የታለ?" አለች።

ሰርቪስ ቤት ወሰድኳትና አንሶላውን ገፈፍኩት። ክዳኑን አነሣችው፣ ክብደቱን በእጇ መዘነችው፣ ለቀቀችው፤ ጓ ብሎ ተዘጋ። እንደገና ከፈተችው። ጫማዋን አወለቀችና ገባች። ቀጭን፣ አጭር ሴት ናት፤ ጉልበቷን አቅፋ ራሷን ዝቅ ስታደርግ በልኳ ሆነ።

"ይዝጉት።"

"ዘይነብዬ፣ ተይ እባክሽ።"

"እስካንኳኳ ድረስ እንዳይከፍቱ። ይዝጉት።"

ዘጋሁት። እጄ ክዳኑ ላይ ቀረ። ከውስጥ ድምፅዋ ታፍኖ መጣ፤ "እንደዚያ ቀን ይጥሩት።"

"ኢልያስ" አልኩ።

"እንደዚያ ቀን ነው?"

"አይደለም።"

"የት ቆመው ነበር?"

ይህን አንድ ነገር ለማንም አልነገርኩም ነበር። ለእትዬ ዘነበች አልነገርኩም፣ በር ላይ ሁሉንም ስናዘዝ ለእሷም አልነገርኳት፣ በጸሎቴም ዘልዬዋለሁ።

"ላዩ ላይ" አልኩ። "መስኮቱ ከፍ ይላል። ሳጥኑ ላይ ወጥቼ ነው ወደ መንገድ የጠራሁት።"

ልከፍተው እጄን ስሰድ ከውስጥ "ይውጡበት" አለች።

ወጣሁ። ጣውላው ከእግሬ ሥር ሲንቋቋ ግድግዳውን ያዝኩ። "ኢልያስ! ኢልያስዬ! የት ነህ?" ብዬ እንደዚያ ቀን ጮህኩ። ሁለተኛ ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ያኔ ከሥሬ አንኳኳች። ወርጄ ከፈትኩላት።

ፊቷ በላብ ርሷል፣ ሻሿ ላይ የጣውላ ብናኝ አለ። አላለቀሰችም። ስትወጣ እጄን ሰጠኋት፤ ያዘችው።

"ይሰማል" አለች። "እያንዳንዱ ቃል ይሰማል፣ እትዬ ታደለች። ልጄ ደግሞ ሲጠሩት አቤት ሳይል የሚቀር ልጅ አይደለም። አቤት ብሏል። እርስዎ ነዎት ያልሰሙት። ይህንኑ ነው የምነግረው።"

ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ደሴ አልወሰደችውም፤ ወደ እኔም አልመለሰችውም።